እስከ ዐረፋ

ላም የማይበላውን ሳር እንዲህ የሚንከባከብ ሕዝብ ከቶሮንቶ በፊት አይቼ አላውቅም። ያጠጡታል፣ ያበሉታል፣ መድኃኒት ይረጩለታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አጭደው በከረጢት ይቋጥሩና ለቆሻሻ መኪና ይሰጡታል። እኔ ገረመው፣ ደሴ ማዘጋጃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ያገለገልኩ ሰው፣ የማላውቀውን ሰው ሳር ላጭድ ነው ወይ ባሕር የተሻገርኩት እያልኩ ስነጫነጭ ተማም ይስቅብኝ ነበር።

«አንተ ሳር አታውቅም» ይለኛል። «የምታውቀው ወረቀት ነው።»

እውነቱን ነው፣ ወረቀት አውቃለሁ። ይህ የምነግራችሁም የአንዲት ወረቀት ጉዳይ ነው። ስለ ተማም ሳወራ ሰዎች ሁልጊዜ ስለ ሳሩ ብቻ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ እኔም እስካሁን የነገርኳቸው እሱን ብቻ ነው።

ተማም የጉራጌ አገር ልጅ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ እጁ ሰፊ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው። በወጣትነቱ ሑመራ ወርዶ ሱቅ ከፈተ፣ ነገሩ ሲበላሽ ሚስቱን ዘይነብንና ልጁን ሀሊማን ይዞ ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ላይ አምስት ዓመት ተቀመጡ። ካናዳ የመግባት ዕድል የደረሰው ለእሱ ብቻ ነበርና «ቀድሜ ልግባና ልውሰዳችሁ» ብሎ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሦስት ብቻውን መጣ። እኔና እሱ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ቦሳችን ማኑኤል የሚባል ፖርቱጋላዊ ነው፤ ትራኩ ላይ ማጨጃ ማሽኖቹን ጭኖ ኢስት ዮርክ ውስጥ ከግቢ ግቢ ያዞረናል።

መጀመሪያ ሰሞን ማኑኤል ሳሩን እስከ ሥሩ ቁረጡት ይል ነበር። ተማም እምቢ አለ። በማይገባ እንግሊዝኛ፣ በእጁ እየለካ፣ አራት ጣት ከፍታ ካልተረፈለት በበጋ ይቃጠላል ብሎ ተከራከረው። ማኑኤል ሳቀበት፤ ሐምሌ ሲገባ የሌላው ሁሉ ግቢ ሲነድ እኛ የያዝነው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ ከዚያ ወዲያ አፉን ያዘ። ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ስለው ስለ ጀፎሮ ነገረኝ።

«እኛ አገር ቤቶች ፊት ለፊት ተደርድረው ነው የሚሠሩት። መሐላቸው ያለው ሰፊ መስክ ጀፎሮ ይባላል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም የኔ ነው አይለውም። ሠርጉም፣ ሽምግልናውም፣ ልቅሶውም እዚያ ላይ ነው። ለዐረፋ ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ አገሩ ሲገባ፣ እሱን ሳር ሲረግጥ ነው ቤቱ መድረሱን የሚያውቀው።»

ሥራ ስንጀምርም ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ግቢውን አንድ ጊዜ ይዞራል። ፈረንጆቹ በመስኮት ያዩታል። አንዷ፣ ሚስስ ሃርትሊ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ አንድ ቀን እሷም ጫማዋን አውልቃ ስትከተለው አየሁ፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ተማም ለዚህ ሁሉ የሚለፋው ለአንድ ነገር ነው። ቤተሰቡን ስፖንሰር ለማድረግ ቋሚ ሥራ ያለው መሆኑን የሚያስረዳ የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። የሳር ሥራ ደግሞ የወቅት ሥራ ነው፤ በሚያዝያ ይጀመራል፣ በታኅሣሥ ሌይኦፍ ነው፣ ሠራተኛው ይበተናል። ማኑኤልም «ዘንድሮ ቅጠሉንም፣ በረዶውንም እስከ መጨረሻው ከሠራህልኝ ቋሚ ነው ብዬ እጽፍልሃለሁ» ብሎት ነበር። ስለዚህ የሰማንያ አምስት ዓመት ለተማም ከሬክ፣ ከጥርሳሙ የሳር መፋቂያ፣ እስከ አካፋ፣ ከመጀመሪያው ቡቃያ እስከ መጨረሻው በረዶ ሊዘለቅ የሚገባው አንድ ረጅም መንገድ ነበር።

በሚያዝያ ከበረዶው ሥር የወጣውን የሞተ ሳር በሬክ ፋቅን፣ ራሰ በራ የሆነውን ቦታ ዘር በተንበት። በግንቦት አበባ ተከልን። እዚህ አገር ውርጩ አልፏል የሚባለው የንግሥቲቱ በዓል ከዋለ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተከለ ሰው ሲቃጠልበት ጎረቤት ይታዘበዋል። ረመዳንም የገባው ያኔ ነበር። ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ተማም ግን ውኃ ሳይቀምስ ማሽን ሲገፋ ይውላል። ተው፣ ትሞታለህ ስለው «ዘይነብም እየጾመች ነው» ይለኛል።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ረመዳኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ደብዳቤ መጣ። ጠዋት ከሳጥኑ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ በደረት ኪሱ ይዞት ዋለ። ተማም ቁርአን በዐረብኛ ይቀራል፣ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማረም፤ ደብዳቤውን የማነብለትም የምጽፍለትም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኑኤል ከደንበኛ ጋር ሊነጋገር ሲገባ ትራኩ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ሰጠኝ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ ግን ይስቃል።

«የሀሊማ እጅ ነው» አለ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፊደል የቆጠረችው ገዳሪፍ ከሐበሻ አስተማሪ ዘንድ ነው። «በል አንብብልኝ፣ ቀስ ብለህ።»

ገለጥኩት። ትልልቅ ፊደል ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤ «አባዬ፣ እማዬ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ሞተች። ትኩሳት ነው።»

ቀና ስል ተማም አገጩን በእጁ ይዞ ፊቴን እያየ ይጠብቃል።

አሁን እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? እኛ ያደግነው ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም ተብሎ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ቢወድቅ የሚያነሳው፣ ቢጮህ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኖራል። በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ደጅ ላይ፣ የጾመ ሰው፣ የቤንዚን ጀሪካን ተደግፎ? ምን ቆርጦኝ! ጠላት እንኳ ለጠላቱ እንዲህ አያረዳም። ይህን ሁሉ አሰብኩ አልላችሁም፤ አፌ ብቻውን ተከፍቶ ነው ያነበበው።

«አባዬ፣ እንደምን ከረምክ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ሰላም ትልሃለች። በጣም ናፍቀኸናል፣ በርታ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ ተማም። ትንሽ ቆይቶ «ይህን ያህል ወረቀት ይህ ብቻ ነው?» አለኝ።

«ልጅ አይደለች? ፊደሏ ትልቅ ነው።»

«ጀርባው ላይስ?»

ገልብጬ አየሁት። ማየት ካላችሁት ማለት ነው፤ ቀለሙን እንጂ ቃሉን አላየሁም፣ ዓይኔ ጭጋግ ሆኖብኝ ነበር። «የጎረቤት ሰላምታ ነው» አልኩና አጥፌ መለስኩለት። እሱም በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጋሽ ተሻገር ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተሻገር አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ የፍሌሚንግደን ፓርክ ሐበሻ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነገር ሲገጥመው የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ነገርኳቸው።

«ደግ አደረግህ» አሉ። «ጾሙን ይጨርስ። ዒዱ ይለፍና እሑድ ጠዋት ተሰብስበን እንነግረዋለን።»

ደግ አደረግህ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አመነዠክሁት መሰላችሁ።

ዒዱ አለፈ። እሑድ ጠዋት ግን ማኑኤል ድንገት ደውሎ ተማምን ለሥራ ወሰደው። የሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ተሻገር ሞንትሪያል ሄዱ። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ሳሩ ተኝቶ ቡናማ ሆኗል፣ ደንበኞቹ ሞተብን ብለው ይጮሃሉ፣ ተማም ብቻ «አልሞተም፣ ተኝቷል» እያለ ከበር በር ያጽናናል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ?

ከእኛ በታች ሁለት ፎቅ ወርዶ የምትኖር መኪያ የምትባል ሴት አለች፤ የወሎ ሰው፣ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ጋሽ ተሻገር ለሟቿ ጸሎትና ለልቅሶው የሙስሊሞቹን ሥርዓት እንድታዘጋጅ ነገሯት። ሰምታ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች፤ ተማም ለጸሎት ወጥቷል።

«በእኛ ሃይማኖት የሞተ ሰው አይደበቅም» አለችኝ በር ላይ ቆማ። «ሰውዬው ሚስቱን በጸሎቱ የሕያው ቦታ እያስገባ ነው። ደግሞስ ልጅቷ? ልጅቷ ማን ጋ ናት?»

«ጎረቤት ጋ ናት። ደህና ናት» አልኩ።

«ደብዳቤው ላይ ነው ያልከው?»

አላነበብኩትም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ የነበርኩ ሰው የመጀመሪያውን መስመር አይቼ ደንግጬ ቀረሁ ማለት አፈርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ ደብዳቤው ላይ ነው» አልኳት።

ደብዳቤውን መልሼ እንዳላነበው ከተማም ኪስ አይወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስስ ሃርትሊ ግቢ ምሳ ስንበላ፣ አውጥቶ «ድገምልኝ» አለኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር! ገልብጬ ባየው አለቀ። እኔ ግን ዓይኔ ፊደሉ ላይ ካረፈ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ፈራሁ፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ከኋላው ያለው አጥር ላይ ተክዬ፣ የፈጠርኩትን በቃሌ ወጣሁት። «ባለፈው ናፍቀኸናል የሚለው መጨረሻ ላይ ነበር» አለ ተማም። ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ሳቀና «ሙቀቱ ነው፣ ውኃ ጠጣ» ብሎ ጠርሙሱን አቀበለኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዐረፋ ሆነ። ጋሽ ተሻገር «በበዓሉማ አይሆንም፣ ቀኑ ዕድሜ ልኩን ይበላሽበታል» አሉ። እኔም ተስማማሁ፤ መስማማት ምን ገዶኝ! ከዶን ሸለቆ አጠገብ ባለው ፓርክ በግ ጠበስን። ተማም ነጭ ለብሶ ነበር። ሥጋውን ለክርስቲያኖቹ ለብቻ፣ ለሙስሊሞቹ ለብቻ አሰናድቶ፣ እንደ ሠርግ አስተናጋጅ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ሲደክመው ሳሩ ላይ በጀርባው ተጋደመና «ገረመው፣ የሚመጣውን ዐረፋ ሀሊማ እዚህ ሳር ላይ ትሮጣለች» አለኝ። «ኢንሻአላህ በል እንጂ!» ብሎ እግሬን ጎነጠኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። አንድ ሰው የኮዳክ ካሜራ ነበረው፤ ፎቶው ላይ ሁላችንም ጥርሳችን ይታያል።

በመስከረም የተራቆተውን ሳር ደግመን ዘራን። በጥቅምት ቅጠሉ መጣ፤ ኢስት ዮርክ ውስጥ ቅጠል ማለት የማያልቅ ሥራ ነው፣ ጠዋት የጠረግከው ግቢ ከሰዓት በኋላ አያውቅህም። ደብዳቤ ባለመምጣቱ ተማም የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ ይከፍት ጀምሯል። በየወሩ በዘይነብ ስም፣ በድሮው አድራሻ ይጽፋል፣ የምጽፈውም እኔ ነኝ፤ ለሞተች ሴት «ብርድ እንዳይመታሽ ተጠንቀቂ» ብዬ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ የከተትኩ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቁጣዬን በሱ ላይ መወጣት ጀመርኩ፣ ሬኩን አላግባብ ያዝክ፣ ማሽኑን አላጸዳህም እያልኩ። እሱ ያየኝና «ገረመው፣ አንተም ሚስት ያስፈልግሃል» ይላል።

በኅዳር ሚስስ ሃርትሊ አንድ ከረጢት የቱሊፕ አበባ ሥር አመጣች፤ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል። ውርጩ መሬቱን ሳይቆልፈው መተከል አለበት፤ ክረምቱን ከመሬት በታች ተኝቶ በጸደይ ይወጣል። ግማሹን ለእሷ ግቢ፣ ግማሹን «ለሚስትህ» ብላ ለተማም ሰጠችው። የኛ ግቢ የት አለና! እሷው አጥር ሥር ቦታ ለቀቀችለት። ተማም ተንበርክኮ አንድ በአንድ ቀበራቸው፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ እያደረገ፣ አፈሩን በመዳፉ እየመታ። እኔ ቆሜ ማየት አቅቶኝ ትራኩ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሰው ዝግባዎች ከበረዶ እንዲያመልጡ በጆንያ ጠቀለልናቸው፤ ጆንያ የለበሱት ዛፎች መንገዱን ሙሉ ቆመው ለቀስተኛ ይመስሉ ነበር።

በታኅሣሥ በረዶ መጣ። አካፋ፣ ጨው፣ አካፋ፣ ጨው። ማኑኤል ቃሉን ጠበቀና ደብዳቤውን ጻፈለት፤ ተማም ቋሚ ሠራተኛ ሆነ። ወረቀቱን ይዞ ሲገባ አቀፈኝ፣ አፓርትመንቱ ውስጥ አንስቶ አዞረኝ፣ እኔን የሚያህል ሰው። ለኢሚግሬሽን ላክነው። ጋሽ ተሻገርን ሄጄ አሁንስ በቃ አልኳቸው። «በዚህ ብርድ?» አሉ። «ለብቻው ወጥቶ በረዶ ላይ ቢወድቅስ? ጸደይ ይምጣ።» እሳቸውን አልወቅስም። እምቢ ልላቸው እችል ነበር፤ ምክንያት የሚሰጠኝ ሰው ፈልጌ ነው የሄድኩት።

ጸደይ መጣ። ሚያዝያ ገብቶ በሬክ የሞተውን ሳር እየፋቅን ሳለን ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፖስታ መጣ፤ ዘይነብና ሀሊማ ለጤና ምርመራ ካርቱም እንዲቀርቡ ይላል። ይህን በትክክል አነበብኩለት። ተማም እዚያው፣ የፖስታ ሳጥኖቹ ፊት፣ መሬት ተደፍቶ ሰገደ። ከዚህ ወዲያ የሚሸሽበት አልቀረም። ማታውን ለጋሽ ተሻገርና ለመኪያ ነገርኩ፤ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን አፓርትመንቱ በር ላይ ቆምን። እኔ ደግሞ የገዛ ቤቴን በር ከውጭ አንኳኳሁ።

ተማም ለሥራ ለብሶ ነበር፤ ማሰሪያው ያልተቋጠረ አንድ ጫማ እግሩ ላይ፣ ሌላው እጁ ላይ። እኛን ሲያይ ጫማው ከእጁ ወደቀ። ጎህ ላይ ሰባት ሰው በር ላይ ሲያይ የማያውቅ የኛ ሰው የለም።

«ማን ነው?» አለ።

ጋሽ ተሻገር ነገሩት። «ዘይነብ ናት፣ ልጄ። አላህ ያጽናህ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። አለቀሰ። ድምፁን አነሳ፤ ተማም ድምፁን ሲያነሳ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መኪያ ከኋላ ሆና ታነባለች። ከጎረቤት አንዱ ዝም በሉ ብሎ ግድግዳውን ደበደበ። ሰዎቹ ደግፈው ሶፋ ላይ አስቀመጡት፣ ውኃ ሰጡት። ትንሽ ጋብ ሲልለት ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«መቼ ነው?»

ጋሽ ተሻገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምና ነው ልጄ። በሚያዝያ።»

«አምና በሚያዝያ?» ተማም ዓይኑን ጠረገ። ሲያስብ ይታያል፤ ወሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው። ከዚያ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። «ሀሊማ በሰኔ ነው የጻፈችልኝ። እማዬ ሰላም ትልሃለች ብላ።»

ዞር ብሎ አየኝ። መሬቱ አፉን ከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ደብዳቤውን ከላስቲኩ አወጣ፣ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ ለእኔ ሳይሆን ለመኪያ ዘረጋላት።

«ያለውን አንብቢልኝ» አላት። «ያለውን ብቻ።»

መኪያ አነበበች። ፊተኛው ገጽ ስለ ዘይነብ ነው፤ ስንት ቀን እንደታመመች፣ ማን እንዳጠባት፣ የት እንደቀበሯት። ልጅ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል? ከዚያ ገለበጠችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ አነበበች።

«አባዬ፣ አሁን ያለሁት እትዬ ተሻለች ጋ ነው። እሳቸው ከዐረፋ በኋላ ጅዳ ለሥራ ይሄዳሉ። አባትሽ መልስ ከላከ ለሚወስድሽ ሰው አስረክብሻለሁ፣ ካልላከ ጥዬሽ አልሄድም፣ ይዤሽ እሄዳለሁ ብለውኛል። እኔ ጅዳ መሄድ አልፈልግም። እስከ ዐረፋ እጠብቅሃለሁ። ቶሎ በል።»

እኔ ከሁሉም ሰው ጋር ነው የሰማሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ተማም አልጮኸም። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ። ደብዳቤውን ተቀብሎ ጀርባውን፣ ማንበብ የማይችለውን፣ አየው አየውና «የጎረቤት ሰላምታ ነው አልከኝ» አለ።

ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሚስስ ሃርትሊ ግቢ ስንደርስ ቱሊፖቹ ወጥተዋል፣ ቀይ፣ በተርታ። አሮጊቷ ምንም አልሰማችም፤ እየሳቀች «ሚስትህ መቼ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀችው። ተማም በማይገባ እንግሊዝኛው «ሞተች» አላት። ያን ዕለት ያን ግቢ ያጨድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ዋለ፣ ማኑኤልም ምንም አላለውም።

ከዚያ በኋላ ሀሊማን ፍለጋ ተጀመረ። ገዳሪፍ ተጻፈ፣ መልስ የለም፤ እትዬ ተሻለች ቤቱን ለቀዋል። መኪያ ጅዳ ዘመዶች ነበሯትና ለእነሱም ጻፈች። ልጻፍልህ አልኩት። «መኪያ ትጽፋለች» አለኝ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዞ ሁለት ፎቅ ይወርዳል። ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ትራኩ ውስጥ ነው፤ ማኑኤል ሲነዳ ተማም አቧራው ላይ በጣቱ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ይጽፋል። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሲሳሳት ላርመው እንደምችል እያወቀ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ያን በጋ እንደ ወትሮው አለፈ እላችኋለሁ፤ ሳሩ አላወቀብንም። አራት ጣት አስቀርተን አጨድን፣ በሙቀቱ አስተኛነው፣ በመስከረም ዘራን። በአፓርትመንቱም አልተለያየንም። ጨው አቀብለኝ፣ ባሱ ቀረ፣ ማሽኑ ቤንዚን ጨርሷል፤ ከዚህ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ይቅር በለኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለቱንም ጊዜ «አላህ ይቅር ይበልህ» አለኝ፤ ራሱ ይቅር ማለቱን ግን አልነገረኝም።

በጥቅምት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፖስታ ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የውጭ ቴምብር ያለበት ፖስታ ነው፣ ላዩ ላይ ትልልቅ ፊደል። እጁን አወቅሁት። ተማም ከሕንጻው ፊት ያለውን ሳር ቅጠል እየጠረገ ነበር፤ የሕንጻው ሥራ አይደለም፣ ማንም አልጠየቀውም፣ ዝም ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠርገዋል። ሮጬ ወጣሁ።

«የሀሊማ ነው!» አልኩ። እንደ ልማዴ እጄ ፖስታውን ሊቀድ ሄደ።

«ተው» አለኝ። ሬኩን አስቀምጦ ተቀበለኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከፈተው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ከፊደል ወደ ፊደል ይሄዳል፣ አንዳንዱ ጋ ይቆምና ይመለሳል። አንዷን መስመር ሲጨርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ የዚያ የሰኔ ቀን እሱ የኔን ፊት እንዳየ እኔም የሱን አያለሁ፣ ምንም አይነግረኝም። ፊተኛውን ጨረሰ። ገለበጠና ጀርባውንም አነበበ፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ።

«አለች» አለ። «ጅዳ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ አለቀስኩ። «ምን ትላለች? ሌላ ምን ትላለች?»

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። ሬኩን አነሳና ጥቂት ጠረገ፤ ሳሩ ላይ እንደገና ቅጠል ወደቀ። ከዚያ ሳያየኝ ተናገረ።

«‹የዐረፋ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ እስኪመሽ በር ላይ ነበርኩ› ትላለች። ‹አባዬ፣ የዚያን ቀን አንተ የት ነበርክ?› ትላለች።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ብዬ ልጻፍላት፣ ገረመው?»

የት እንደነበርን ሁለታችንም እናውቃለን። ፎቶው ዛሬም እኔ ጋ አለ፤ ተማም ሳሩ ላይ ተጋድሟል፣ እኔ አጠገቡ ነኝ፣ ሁለታችንም እንስቃለን።